ሞተሩን የት ያቁመው?

የከብት ሐኪሙ ቦርሳ ውስጥ ቴርሞሜትር፣ መርፌ፣ ጓንት፣ የትል መድኃኒት፣ የክትባት መመዝገቢያ ደብተር እና አንዲት ጠፍጣፋ ጣውላ አሉ። ጣውላዋ ከእጅ መዳፍ ብዙም አትበልጥም። ቦርሳው ሲከፈት ያየ ገበሬ ሁሉ መድኃኒቱን ትቶ ስለ ጣውላዋ ይጠይቃል። መልሱ አጭር ነው፤ የሞተሩ ስታንድ ማረፊያ ናት።

ቢቸናን የሚያውቅ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። የአካባቢው ምድር ዋልካ ነው። የቢቸናን ጤፍ ስም ያሰጠው ያው ጥቁር አፈር ሐምሌ ሲገባ ሊጥ ይሆናል። ሞተሩን በጎን ስታንዱ አቁሞ አንድ ኪሎ ስኳር ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ሲመለስ ስታንዱ ሰምጦ፣ ሞተሩ ወድቆ፣ ቤንዚኑ እየተንጠባጠበ ያገኘዋል። በጋ ላይ ደግሞ መሬቱ ይሰነጠቅና ስታንዱ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። እናም ሰውየው ክረምት ከበጋ ማቆሚያውን በቦርሳው ይዞ ይዞራል። አሥራ አራት ዓመት ሆነው።

ሰው ሁሉ "ዶክተር" ይለዋል። ያለው ዲፕሎማ ነው፤ መጀመሪያ አካባቢ ያርም ነበር፣ አሁን ትቶታል። ሥራው ቢቸና ዙሪያ ነው፣ የሚስቱ ቤተሰቦች ሞጣ ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱን ከተሞች ሰው በእግሩ የሚያውቀውን ያህል በጎማ ያውቃቸዋል። የትኛው ቦይ ክዳን እንደሌለው፣ የትኛው ኮብልስቶን ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና እንደሚያንሸራትት፣ የትኛው ባለሱቅ ሞተር ደጁ ሲቆም ፊቱን እንደሚያጠቁር ያውቃል። አንድ ነገር ግን እስካሁን አያውቅም። ሞተር በሕግ የሚቆምበት ቦታ የት እንደሆነ።

ቢቸናም ሞጣም የቀድሞ አውራጃ ዋና ከተሞች ናቸው፤ ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጡ፣ ብርዱም ዝናቡም የማይጠፋቸው። የሚያገናኛቸው መንገድ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ በአዴት በኩል ባሕር ዳር ይገባል። ይህ መንገድ ከተሞቹ ውስጥ ሲገባ ስሙም ሥራውም ይለወጣል። ጤፍ የጫነው አይሱዙ፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ አህያው፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው፣ ከገጠር የመጣው ገበያተኛ ሁሉ የሚተሻሸው በዚሁ ላይ ነው። "መሀል ከተማ" ማለት መንገዱ ራሱ ነው።

ከመንገዱ ግራና ቀኝ ወዳሉት ቀበሌዎች ግን ሚኒባስ አይገባም። ባጃጅም ቢሆን ጭቃው እስከፈቀደለት ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ወይ እግር ነው፣ ወይ በቅሎ ነው፣ ወይ ሞተር ነው። በቅሎ ደግሞ ዛሬ ሀብታም የሚገዛት እንስሳ ሆናለች። ስለዚህ የግብርና ባለሙያው በሞተር ይሄዳል፣ ክትባት የያዘው የጤና ባለሙያ በሞተር ይሄዳል፣ ገጠር የተመደበው መምህር ቅዳሜ ደመወዙን ሊያወጣ በሞተር ይመጣል፣ ሥራ ያጣው ወጣት ቤተሰቡ በሬ ሸጦ በገዛለት ሞተር ሰው ያመላልሳል። ከኋላ የሚቀመጠውም አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። ባለጉዳይ አለ፣ ፍየል አለ፣ ኩንታል ማዳበሪያ አለ፣ ሳምንት ሙሉ ያተኮሰው በሽተኛ አለ።

ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት በድሮው ጊዜ አውራጃ ፍርድ ቤት የሚመጣ ባለጉዳይ በቅሎውን የሚያስርበት አያጣም ነበር። ዛፍ ነበር፣ ጠጅ ቤቶች ግቢ ነበራቸው፣ ጭድ የሚሸጥ ነበር፣ የሚጠብቅ ልጅ ነበር። ማንም በዕቅድ አላወጣውም፣ ግን ከተማው ሰው በምን እንደሚመጣ ያውቅ ስለነበር ቦታ አበጀለት። የዛሬው ከተማ ሰው በምን እንደሚመጣ አያውቅም ማለት አይቻልም፤ በየቀኑ ያየዋል። ያየውን ነገር ግን በመንገድ ዕቅድ ውስጥ አላስገባውም።

ሐኪሙ አንድ ቀን ባንክ ሊገባ ሞተሩን ከአጥሩ ጥግ አቆመ። ዘበኛው ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፣ በግ ያሳከሙበት ደንበኛውም ናቸው።

"ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚህ አይቆምም።"

"ጋሼ፣ ታዲያ የት ላቁመው?"

"እሱን እንኳ አላውቅም። እዚህ አለመሆኑን ነው የማውቀው።"

ሰውየው ይህን ንግግር ለወዳጆቹ ሲያወራ ይስቃል፣ ግን የከተማውን ሁኔታ ከዚህ በላይ በአጭሩ የገለጸለት ሰው የለም። ባንክ በር ላይ አይቆምም፤ የጸጥታ ጉዳይ ነው፣ ይገባል። የሱቅ ደጃፍ ላይ አይቆምም፤ ዕቃ ይሸፍናል። አስፋልት ዳር ሲቆም ትራፊክ ይመጣል። የእግረኛ መንገድ ላይ ሲወጣ እናቶች ይቆጣሉ፣ በእርግጥም እውነታቸውን ነው፤ ዘንቢል ይዛ ልጅ አዝላ የምትሄድ ሴት ለአንድ ሞተር ብላ ወደ አይሱዙ መንገድ መውረድ የለባትም። የቀረው ቦታ የማንም ያልሆነው ነው። የቆሻሻ መጣያው ጥግ፣ የቦዩ አፋፍ፣ የተጀመረ ሕንፃ ፊት ያለው የአሸዋ ክምር።

ከሁለቱ ከተሞች በአንዱ፣ የቱ እንደሆነ ይቅር፣ በገበያ ቀን ሞተሩን ከእንዲህ ዓይነት ጥግ አቁሞ ሻይ ሊጠጣ ገባ። እህል የጫነ አይሱዙ ወደ ኋላ ሲመጣ ሞተሩን ገፍቶ ቦይ ውስጥ ጨመረው። ስፖኪዮው ተሰበረ፣ የፍሪሲዮኑ እጀታ ታጠፈ። ይህ ይጠገናል። ከኋላ የታሰረው የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን ግን ተከፍቶ በረዶው ፀሐይ ላይ ተበተነ። ቅዝቃዜው ያመለጠው ክትባት ዳግም ቢቀዘቅዝም አይድንም፤ ይጣላል። በማግስቱ በሬዎቻቸውን ይዘው ከሌሊቱ ጀምረው የተሰለፉ ገበሬዎች ነበሩ። አብዛኞቹ እንስሶቻቸውን መልሰው ነዱ። የአይሱዙው ሹፌር ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወርዶ ይቅርታ ጠየቀ፣ መቶ ብርም ዘረጋ። "ወንድሜ፣ አላየሁህም" አለ። እውነቱን ነው። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ቦይ ጥግ የተለጠፈ ሞተር አይታይም።

ነገሩን በሜትር ማየት ይጠቅማል። አንድ መኪና ለመቆም 5 ሜትር በ2.5 ሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋል፤ 12 ሜትር ካሬ ተኩል ነው። አንድ ሞተር መሪውንም ጨምሮ 2 ሜትር በ1 ሜትር ይበቃዋል። አንድ የቤት መኪና ቀኑን ሙሉ በሚቆምበት ቦታ ስድስት ሞተሮች ይቆማሉ ማለት ነው፤ ስድስት የገጠር ጉዞ። የሚያስፈልገውም ሲሚንቶ ለስታንዱ፣ ቀለም ለመስመሩ፣ ለሰንሰለት ማሰሪያ ደግሞ መሬት የተቀበረ አንድ ብረት ነው። ዋልካ ባለበት ከተማ ከሁሉም የሚበልጠው ሲሚንቶው ነው።

የት ይሁን ለሚለውም መልስ አለ። በየመስቀለኛው መንገድ መታጠፊያ ላይ መኪና ሲቆም ከጎን የሚመጣውን ይጋርዳል። ልጅ ሲሻገር ሹፌሩ አያየውም፣ ባጃጁም ሲታጠፍ ሞተሩን አያየውም። ያ መታጠፊያ ለመኪና ተከልክሎ ለሞተር ቢሰጥ ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ ይቃለላል። ሞተር አጭር ስለሆነ በላዩ አሻግሮ ማየት ይቻላል። በብዙ አገር ከተሞች የሚደረግ ነው፣ እዚህም የመሬት ካሳ የሚያስከፍል ነገር የለውም።

ስለ መንገዱ ደግሞ። አራት ጎማ ያለው ሰው ጉድጓድ ሲገባ ወገቡን ያመዋል፤ ሁለት ጎማ ያለው ሰው ይወድቃል። ልዩነቱ ይኸው ነው፣ መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚያስቡት በአራት ጎማ ነው። ኮብልስቶን ሲነጠፍ ጥሩ ነገር ነበር፤ የሰፈር ጭቃ ያስቀረ፣ ለብዙ ወጣት እንጀራ የሆነ። ችግሩ የሚመጣው ለቧንቧ ተብሎ ተቆፍሮ ሲመለስ ነው። ድንጋዩ በአሸዋ ፋንታ በአፈር ላይ ይደረደራል፣ አንድ ክረምት ሳያልፍ ይሰጥማል፣ ጠርዙ ይሾላል። የቦይ ክዳን በተሰረቀበት ወይ በተሰበረበት ቦታ የሰፈሩ ሰው በቅንነት ቅርንጫፍ ይተክላል፤ ቀን ላይ ምልክት ነው፣ ማታ መብራት ሲጠፋ አይታይም። ብረት ክዳን የተደረገበትም ቦታ ቢሆን ፍርግርጉ ከመንገዱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ከተጋደመ ቀጭን ጎማ ሰተት ብሎ ይገባበታል። ክዳኑን አዙሮ ማጋደም ብቻ ነበር የሚጠበቀው።

የፍጥነት መቀነሻውም ነገር እንዲሁ ነው። አንድ ልጅ ይገጫል፣ ሰፈሩ ይቆጣል፣ በማግስቱ መንገዱ ላይ የአፈር ክምር ወይ የመርከብ ገመድ ይጋደማል። ቁጣው ተገቢ ነው። ቀለም ያልተቀባ ክምር ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከኋላው ነፍሰ ጡር ለጫነ ሞተረኛ ሌላ አደጋ ነው።

እዚህ ላይ ሞተረኛው ንጹሕ ነው ብሎ ማለፍ ሐሰት ይሆናል። ሦስት ሆነው በአንድ ሞተር ላይ ተጣብቀው የሚበሩ ጎረምሶች አሉ። ጭስ ማውጫውን ቀዶ ሕመምተኛ ያለበትን ሰፈር የሚያናውጥ አለ። በእግረኛ መንገድ ጥሩንባ እየነፋ የሚያልፍ አለ። መንጃ ፈቃድ ምን እንደሚመስል ያላየ አለ። ሐኪሙ ራሱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያለ መንጃ ፈቃድ ነድቷል፤ ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ሄልሜት የሚያደርገውም ጥቂት ነው። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ሄልሜት ሞተረኛ በአደጋ የመሞት ዕድሉን በ42 በመቶ፣ ጭንቅላቱ የመጎዳት ዕድሉን በ69 በመቶ ይቀንሳል። ታዲያ ለምን አይደረግም? ዋጋው አለ፣ ሙቀቱ አለ፣ ቸልተኝነቱም አለ። ከሁሉም በላይ ግን ፊት ይሸፍናል። በዚህ ዘመን በአማራ ክልል መንገድ ላይ ፊቱን ሸፍኖ በሞተር የሚመጣ ሰው ምን እንደሚመስል ለማንም መንገር አያስፈልግም። ኬላ ላይ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል "አውልቅ" ነው። ሐኪሙ አሁን አሁን ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ይነዳል። ክርን እንዳይሰበር ይከላከል ይሆናል።

ወደ ዋናው ጉዳይ የሚያደርሰውም ይኸው ነው። በእኛ አገር ሞተር ከትራንስፖርትነቱ ይልቅ በጸጥታ ጉዳይነቱ ነው የሚታወቀው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም መጨረሻ፣ ምክትል ከንቲባ ታከለ ኡማ በነበሩበት ጊዜ፣ በሞተር የሚፈጸም ዘረፋ በዛ ተብሎ የተለየ ፈቃድ ከተሰጣቸው በቀር ሞተሮች እንዳይንቀሳቀሱ ታገዱ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ብዙ ከተሞች የሞተርና የባጃጅ እንቅስቃሴ ሲከለከል፣ ሲፈቀድ፣ በሰዓት ሲገደብ ኖሯል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም ቢያበቃም ልማዱ ቀርቷል። አንድ ነገር ሲፈጠር መጀመሪያ የሚቆመው ሞተር ነው።

ምክንያቱን የማይረዳ የለም። በሞተር ተገድሎ የተሰወረበት ሰው አለ፣ ቦርሳ የተነጠቀች አለች፣ መሣሪያም ይጓጓዝበታል። ስጋቱ የፈጠራ አይደለም። ነገር ግን እገዳ ወንጀለኛውንና የክትባት ሳጥን የጫነውን አይለይም። ወንጀለኛው በሌላ መንገድ ይሄዳል፣ ባለክትባቱ ቤቱ ይቀመጣል።

በአንድ የክረምት ሌሊት ሐኪሙ ገጠር አድሮ ነበር። የከብት ክትባት ዘመቻ ላይ ነበር፣ መሽቶበት ገበሬ ቤት አደረ። ሞተሩን ከተማ ጥሎ በእግሩ ነበር የመጣው፤ በዚያ ሰሞን ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ተከልክሎ ነበር። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ጎረቤት ቤት ያለች ሴት ምጥ ጠናባት። "ዶክተር አለ" ተባለና በር ተመታ። የከብት ሐኪም መሆኑን ሁሉም ያውቃሉ፣ ግን በዚያ ሰዓት ማን ይለያል። ስልክ ተደወለ። አምቡላንሱ ጭቃውን አልፎ መምጣት አይችልም ነበር። የመንደሩ ሁለት ሞተሮች በረት ውስጥ ገለባ ተደርቦባቸው ቆመዋል፤ ባለቤቶቹ ፈሩ፣ ማንም አልፈረደባቸውም። ቃሬዛ ተሠራ። ስምንት ወንዶች እየተፈራረቁ ዋልካውን እየረገጡ ወረዱ፣ ሐኪሙም ባትሪ ይዞ ከፊት ሄደ። መኪና እስከሚገባበት ድረስ ሦስት ሰዓት ፈጀ።

እናቲቱ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

ሞተር ቢኖር ልጁ ይተርፍ ነበር? የሆስፒታሉ ሰዎች እንዲህ አላሉም፣ እሱም አይልም። ምጥ የያዛትን ሴት በሞተር መጫንም ደግ ነገር አይደለም፤ ተጭነው ያዩ ሰዎች ይህን ያውቃሉ። የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ሌሊት ሞተሮቹ ነበሩ፣ ቤንዚንም ነበራቸው፣ ሞተሮቹ ሊሄዱ የሚችሉባቸው ሰዓታት ግን በቃሬዛ አለቁ።

እገዳ ከሌለ ምን ይኑር? መቁጠር። የታርጋ ቁጥር ያለው፣ ባለቤቱ የሚታወቅ፣ የት እንደሚያድር የተመዘገበ ሞተር ለወንጀል አይመችም። በኪጋሊ ሰው የሚያመላልሱ ሞተረኞች ቁጥር የታተመበት ሰደርያ ይለብሳሉ፣ ለተሳፋሪው ሁለተኛ ሄልሜት ይይዛሉ። ቁጥሩን ያየ ሰው ማን እንደጫነው ያውቃል። ማሌዥያ ከዚያም አልፋ በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከኩዋላ ላምፑር ወደ ክላንግ በሚሄደው አውራ ጎዳና ጎን ለሞተር ብቻ የተለየ መንገድ ሠራች፤ በኋላ ሲጠና የሞተር አደጋ 39 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ለቢቸናና ለሞጣ እንዲህ ያለ መንገድ ይሠራ የሚል ሰው አይኖርም፤ ያን ያህል ስፋትም ያን ያህል ገንዘብም የለም። ትምህርቱ ከወዲህ ነው። እነዚህ አገሮች ሞተርን የሚቆጠርና ቦታ የሚሰጠው ነገር አድርገው አዩት።

በእኛ ዘንድ ግን መቁጠር ራሱ ታሪክ አለው። በ1960 ዓ.ም የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲመጣ የጎጃም ገበሬ አመፀ፤ ሞጣና ቢቸና ከአመፁ ዋና ዋና ቦታዎች ነበሩ። ገበሬው የፈራው ግብሩን ብቻ አልነበረም። የሚገምተው ሰው ማሳው ላይ ሲቆም፣ ዛሬ የተቆጠረው ነገ ይለካል፣ የተለካው ከነገ ወዲያ ይወሰዳል ብሎ ነበር። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከቦታው ተነሡ፣ ውዝፉም ተማረ። ያን ጊዜ የነበሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው ዛሬ ሞተር የሚነዱት። "ኑ ተመዝገቡ" ሲባሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት "ስንት ልትጠይቁን ነው?" ብለው ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ "ነገ ልትሰበስቡት ነው ወይ?" ነው። ባለፉት ዓመታት ያዩትን ላየ ሰው ይህን ሞኝነት ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ያልተመዘገበ ሞተር ግን መድን የለውም። በ2005 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው እንዳይንቀሳቀስ ያዛል፤ ሲወጣ በተሽከርካሪ የተጎዳ ሰውም እስከ 2000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር። ገንዘቡ ትንሽ ነበር። መድኑ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ የተገጨችው አሮጊት ልጆች የሚይዙት ነገር አላቸው ማለት ነው። ታርጋ የሌለው ሞተር ሰው ሲገጭ ባለቤቱ ይሸሻል። ካልሸሸም ነገሩ በሽማግሌ ያልቃል፣ በሬ ይሸጣል፣ ሁለት ቤተሰብ ይደኸያል።

ስለዚህ የማቆሚያው ነገር ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ባለሞተሩ ለመቆጠር እሺ የሚለው መቆጠሩ አንድ ነገር ሲሰጠው ነው። ታርጋ ላለው ሞተር ብቻ የተፈቀደ፣ ሲሚንቶ የተደረገበት፣ ጠባቂ ያለው ማቆሚያ ሆስፒታሉ በር፣ ገበያው ዳርና መናኸሪያው አጠገብ ቢኖር ሰው ታርጋ የሚያወጣበት ምክንያት ያገኛል። ጠባቂው ከየት ይመጣል የሚባል ከሆነ በብዙ ከተሞች የመኪና ማቆሚያ ለተደራጁ ወጣቶች ይሰጣል፤ ያው አሠራር ነው። ፖሊስም ቢሆን ሁሉንም ሞተር ከሚያሳድድ ማታ ማቆሚያው ውስጥ የሌለውን ቢፈልግ ይቀለዋል። ቅደም ተከተሉ ግን ሊገለበጥ አይገባም። መጀመሪያ ክፍያውን አምጡ፣ ቦታው በኋላ ይታያል ከተባለ 1960 ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

አንድ ነገር ለጊዜውም ቢሆን የሚጨመር አለ። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሞተሮችም እየመጡ ነው። ቤንዚን ወረፋ ላይ ግማሽ ቀን የሚያጠፋ ሰው ሲያገኛቸው ይገዛቸዋል። እነዚህ ደግሞ መቆሚያ ብቻ ሳይሆን መሰኪያም ይፈልጋሉ። ዛሬ መቆሚያ የሌለው ከተማ ነገ መሰኪያውን የት ሊያደርገው እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረን።

ሞጣ ላይ አንድ ቡና የሚያፈሉ እናት አሉ። ሐኪሙ ወደ አማቶቹ ሲሄድ መጀመሪያ እዚያ ይወርዳል። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ዝናባማ ቀን ሞተሩ ደጃቸው ላይ ሲወድቅ አይተው፣ በማግስቱ ከጓሮ አምስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች አምጥተው በጣሪያው ጠፈጠፍ ውስጠኛው በኩል አነጠፉ። "ልጄ፣ እዚህ ላይ አሳርፈው" አሉት። ሌላው ሰምቶ መጣ። ድንጋዮቹ ዘጠኝ ሆኑ። አሁን በገበያ ቀን ሞተር ያቆመ ሁሉ ቡና ይጠጣል፣ ያልጠጣም አይባረርም፣ እሳቸውም ከምድጃው ቀና እያሉ ይጠብቃሉ። በሦስት ዓመት አንድ ስፖኪዮ አልጠፋም። አንድ ቀን ደብተር የያዘ ወጣት መጥቶ "እማማ፣ ይህን በማን ፈቃድ ነው ያነጠፉት?" ብሎ ጠየቃቸው። "ድንጋዩ የእኔ፣ ደጁ የእኔ፣ ልጄ፣ ፈቃዱን ማን ይስጠኝ?" አሉት። ወጣቱም የሚመልሰው አልነበረውም፤ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ።

ባለፈው ዓመት በአንደኛው ከተማ ስለ መንገድ ሥራ ነዋሪ ይወያይ ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። ሐኪሙ ሄደ። ወረቀት ላይ የተነደፈ ካርታ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። የመኪና መሄጃ ነበረ፣ የእግረኛ ነበረ፣ የዛፍ መትከያ ነበረ፣ ለአውቶቡስ መናኸሪያ የሚሆን ቦታም በቢጫ ተቀብቶ ነበረ። ተራው ሲደርስ ተነሥቶ "ሞተር የቱ ጋ ነው?" አለ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ግማሹ በሞተር የመጣ ስለነበር ሳቅ ሆነ። ሰብሳቢው ትሑት ሰው ነበሩ፤ "ጥሩ ሐሳብ ነው ዶክተር፣ እንይዘዋለን" አሉ።

ተያዘም። ቃለ ጉባኤው ሲነበብ አጀንዳ አንድ መንገድ፣ አጀንዳ ሁለት ጽዳት፣ አጀንዳ ሦስት የመዋጮ አሰባሰብ ነበር። የሞተር ማቆሚያ መጨረሻ ገጽ ላይ "ልዩ ልዩ" ከሚለው ስር፣ ከውሾች ክትባት ቀጥሎ ተጽፏል። የውሾቹን ክትባት ያስያዘውም እሱ ራሱ ነበር።